ጓያ የሚቀመጥበት ወንበር

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ሰዉ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። መንገዱ የላይ ጋይንትን ደጋ ሰንጥቆ ያልፋል። ከመንገዱ በስተደቡብ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ቁልቁል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ዝናብ የሚያጥርበት፣ አፈሩ በየክረምቱ የሚታጠብበት አገር ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ደግሞ የጋይንትና የስማዳ ስም «እርዳታ» ከሚለው ቃል ተለይቶ አያውቅም። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር እነዚህ ወረዳዎች መካተታቸው ማንንም አላስገረመም።

ስለዚህ አገር ብዙም የማይነሳ አንድ እውነት አለ። የሚገኘው በሁለት የሽባነት ወረርሽኞች መካከል ነው። በምዕራብ በኩል ጣና ዳር፣ ፎገራና ደምቢያ፣ በ1969 ዓ.ም. ገደማ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ጎረቤቶቹ ዳውንትና ደላንታ፣ በ1980ዎቹ ማብቂያ። ሁለቱንም ወረርሽኝ ያመጣው ጀርም አይደለም። ጓያ ነው።

ጓያ ክፉ እህል አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ መረሬው አፈር ላይ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ አረሙ አያስቸግርም፣ ውሃ የተኛበትንም የደረቀውንም መሬት ይችላል። ዛሬም ፎገራ ላይ ሩዙ ከተነሳ በኋላ በተረፈችው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ሽሮው ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ከሽምብራ ይረክሳል። መዘዙ የሚመጣው ከዚሁ ጥንካሬው ነው፤ ሌላው አዝመራ ሁሉ ሲጠፋ እሱ ብቻውን ይቀራል። ተክሉ ውሃ ሲጠማው ደግሞ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ይጨምራል። ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ ሰው ብዙ ጓያ ይበላል፣ የሚበላው ጓያም የባሰው ነው።

ከምግቡ ሲሶ የሚሆነውን ወይም ከዚያ በላይ ጓያ አድርጎ ለሁለትና ሦስት ወር የኖረ ሰው አንድ ቀን እግሩ እንቢ ይለዋል። ጡንቻው ይገትራል፣ ጉልበቱ እየተጠላለፈ በጣቱ ጫፍ መሄድ ይጀምራል። አንዱ በዱላ ይቆማል፣ ሌላው በሁለት ምርኩዝ፣ የባሰበት ይድሃል። እጁ ደህና ነው፣ አእምሮው ደህና ነው፣ ሲነኩት ይሰማዋል። ከዚያ ወዲያ አይብስበትም፤ አይሻለውምም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ወጣት ወንድ ነው፤ ማለትም ሊያርስ የሚገባው። «ጓያ ሰበረው» ይባላል።

አማርኛ ነገውን የማያይ ሰው ሲወቅስ «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይላል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው የጎደለበት ቤተሰብ ግን የፊት የፊቱን የሚያየው ነገር ስለማይገባው አይደለም። ጓያ እግር እንደሚሰብር ገበሬው ከሐኪሙ በፊት ያውቅ ነበር። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች ሲጠይቁት ግን ጥፋቱን የሚያሳብበው ሌላ ቦታ ነው፦ ጓያው ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት፣ ወይም በጓያ ማሳ ውስጥ በማለፍ። በድስቱ ውስጥ ያለውን መጥላት አይቻልምና፣ ከድስቱ የሚወጣውን መፍራት ይቀላል።

እንፋሎቱ ጥፋተኛ አይደለም። መርዙ በ1964 ሕንድ ውስጥ ተለይቶ ወጣ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ቤታ-ኦዳፕ ይሉታል። ነገር ግን መርዙን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መርዙ የት ሄዶ እንደሚቀመጥ ማወቅ ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ ሳይንስ ሌላ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር፤ የአእምሮን ወንበር የሚቆጥር መሣሪያ።

የአእምሮ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክት ነው። መልእክቱ በሚቀበለው ሕዋስ ቆዳ ላይ ለእሱ ብቻ የተበጀ መቀመጫ አለ፤ ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ ይባላል። ብዙ መድኃኒቶችና መርዞች የሚሠሩት በዚህ ወንበር ላይ ቦታ ሲይዙ ነው። ችግሩ ወንበሩ አይታይም፤ በየትኛውም ማይክሮስኮፕ ሕያው ሰው ውስጥ ገብቶ መቁጠር አይቻልም። መፍትሔው የሚኒባስ ረዳት ዘዴ ነው። ረዳቱ ወንበር አይቆጥርም፣ ሰው ያስገባል፤ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ካወቀ ስንት ወንበር ባዶ እንደነበረ ያውቃል። ሳይንቲስቶቹም ጨረር የሚረጭ ምልክት የታሰረበት ጥቂት ኬሚካል ይልካሉ፤ ጨረሩን በመቁጠር ስንቱ እንደተቀመጠ ያውቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሞርፊንን ወንበር ያገኙት በዚህ መንገድ ነበር። የተጠቀሙት የተፈጨ የእንስሳ ሕብረ ሕዋስ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 25 ቀን 1983፣ በዚያው ተቋም የሚሠራው የኒውክሌር ሕክምና ሐኪም ሄንሪ ዋግነር ፔት በሚባለው የጨረር ካሜራ ውስጥ ራሱ ተኛ። ጨረር አመንጪ ካርቦን የታሰረበት መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፤ በካሜራውም የዶፓሚን ወንበሮቹ በገዛ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲያበሩ ታዩ። የሕያው ሰው የዶፓሚን ተቀባይ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

መታየት ብቻውን ግን ልኬት አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ቆሞ የሚሄድም አለ፤ ሁለቱ በካሜራው ላይ አንድ ዓይነት ብርሃን ይሰጣሉ። በ1984 ማርክ ሚንተንና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ስሌት ይህን ለመለየት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የዶፓሚን ወንበር እጅግ ጥቂት የሆነበትን የአእምሮ ክፍል፣ ለምሳሌ ከኋላ ያለውን ትንሹን አእምሮ፣ መነሻ ታደርጋለህ። እዚያ የሚታየው ብርሃን የቆመው ሰው ነው። እሱን ከሌላው ላይ ስትቀንስ የተቀመጠው ይቀርሃል። የሚወጣው ቁጥር ሁለት ነገር አብሮ ይነግራል፤ ስንት ወንበር ክፍት እንደሆነ፣ የተላከውም ኬሚካል ለወንበሩ ያለውን ፍቅር። ሁለቱን በአንድ ምስል ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ብዙ ሰው በአእምሮ ምስሎች ቀለም ተማርኮ ይህን ይረሳል።

ከዚህ ልኬት በጣም ተግባራዊ የሆነው ውጤት የመጣው ከስቶክሆልም ነው። በካሮሊንስካ ተቋም ላርስ ፋርዴና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መድኃኒት የሚወስዱ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን በካሜራው ሥር አስተኙ። መድኃኒቱ ወንበሩን ስለያዘው ምልክት የታሰረበት ኬሚካል መቀመጫ አጣ፤ ብርሃኑ ደበዘዘ። ከድብዘዛው መጠን መድኃኒቱ ስንት በመቶ ወንበር እንደያዘ ይሰላል። በ2000 ቶሮንቶ ውስጥ ሺቲጅ ካፑርና ባልደረቦቹ ሕመሙ ገና የጀመራቸውን 22 ሰዎች በሃሎፔሪዶል ፈተኑ። የሰጡት በቀን 1 ወይም 2.5 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከ65 በመቶ በላይ ወንበር ሲያዝ የመሻል ዕድሉ ጨመረ፤ ከ78 በመቶ ካለፈ ደግሞ መንቀጥቀጥና መገተር መጣ። ትንሽ መጠን ይበቃል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው የሚያመጣው መከራ ነው።

ሃሎፔሪዶል በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ከሚገኙት የቆዩ የአእምሮ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከስማዳ ልጁን ይዞ ደብረ ታቦር የሚወርድ አባት ስለ ስቶክሆልም ካሜራ መስማት አያስፈልገውም። ሐኪሙ ግን መጠኑን ዝቅ አድርጎ ሲጀምር፣ ልጁም አፉ ሳይንጠባጠብ፣ ሰውነቱ ሳይገተር ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በዚያ ውሳኔ ውስጥ ይህ ልኬት አለበት። ዕውቀት አንዳንዴ ማሽኑን ትቶ ብቻውን ተራራ ይወጣል።

የጓያው ወንበር ግን ዶፓሚን አይደለም።

የአእምሮ ዋነኛው ቀስቃሽ መልእክት ግሉታሜት ነው። ከመቀመጫዎቹ አንዱ አምፓ ይባላል። በ1980ዎቹ በላቦራቶሪ፣ በተፈጨ የአይጥ አእምሮ ላይ በጨረር ምልክት የተደረጉት ልኬቶች ነገሩን ገለጡት። የጓያው መርዝ ግሉታሜትን ይመስላል፤ መጥቶ በአምፓ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በ1986 ፒተር ስፔንሰርና ባልደረቦቹ መርዙ ዝንጀሮዎችን እንዴት እንደሚጎዳ በላንሴት መጽሔት አሳዩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ቀስቃሹን ያለ ማቋረጥ ያስጮኸዋል፣ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፣ ሕዋሱ በገዛ ሥራው ይደክማል። ከአእምሮ ወደ እግር የሚወርደው ረጅሙ ነርቭ የሚጎዳውም በዚህ ዓይነት መንገድ ነው ይባላል፤ ሁሉም ተመራማሪ ግን በዚህ ብቻ አይረካም። በጃፓን በአይጦች ላይ የተሠራ ሥራ የአከርካሪ ደም ሥሮች መጎዳትንም አስገብቷል። ለምን እግር ብቻ? ለምን ከአንድ ገበታ የበሉ ወንድማማቾች አንዱ ሲሰበር ሌላው ይድናል? እነዚህ ጥያቄዎች አልተዘጉም።

ላቦራቶሪው ወንበር በሚቆጥርባቸው በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ሰው ይቆጥሩ ነበር። የፎገራና የደምቢያ ወረርሽኝ በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በአገራችን የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያው አካባቢ ቤት ለቤት የተደረገ ጥናት ይዘው በ1990 ቀረቡ። ከዚያ ተራው የጋይንት ጎረቤቶች ሆነ። ዳውንትና ደላንታ በድርቅ ሲመቱ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ሽባነቱ እየተስፋፋ መሆኑን በ1999 በላንሴት አስታወቁ።

የእሳቸውና የቤልጂግ ባልደረቦቻቸው ቀጣይ ሥራዎች ካሜራ አልያዙም፤ የያዙት መጠይቅ ነው። የተጎዳውን ካልተጎዳው ጋር አስተያይተው ምን በላችሁ፣ እንዴት አሰናዳችሁት ብለው ጠየቁ። ጓያ በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ ሲበላ ጉዳቱ ጨመረ። በወጥ፣ በቂጣና ቦክቶ በእንጀራ መልክ ሲበላ ይህ አልታየም። ከእህል ጋር የቀላቀለው፣ ወጡ ውስጥ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያገባበት የተሻለ ተጠበቀ፤ እህል ጓያ የሚጎድለው ድኝ ያለበት የፕሮቲን ክፍል አለው። በማድጋ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል። እዚህ ላይ የድህነት ሎጂክ ይታያል፦ ንፍሮና ቆሎ የሚበላው ዘይት፣ ማገዶና ሽንኩርት ያጣ ቤት ነው። ውሃ የሚደፋውም ውሃ ያለው ነው።

ታሪኩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1811 እና 1812 ማድሪድ ስትራብ ሰው ጓያ በላ፤ ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያም ይህን በሕትመት ሥዕል አስቀርቶታል። የስሙ ከእህሉ ጋር መመሳሰል በአማርኛ ብቻ የሚያስቅ አጋጣሚ ነው። በ1942 ቫፕኒያርካ በሚባለው ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ጓያ እየተቀለቡ እግራቸው ተያዘ፤ ነገሩን የለየው እዚያው ታስሮ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ጓያ ሽባ ያደረገው በላተኛው ሌላ ምርጫ ሲያጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከጃፓን አዲስ ነገር ተሰማ። በዮኮሃማ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የታኩያ ታካሃሺ ቡድን ኬ-2 የተባለ፣ በካርቦን ምልክት የታሰረበት ኬሚካል ሠራ፤ በፔት ካሜራም የአምፓ ወንበሮችን በሕያው ሰው አእምሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውና አእምሯቸው በቀዶ ጥገና የተነካ ሕሙማን ነበሩበት፤ የካሜራው ቁጥር ከተቆረጠው ሥጋ ውስጥ ከተገኘው የአምፓ መጠን ጋር ተስማማ። ልኬቱ እውነት መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ነው። ጓያ የሚቀመጥበት ወንበር፣ በጭንቅላት ውስጥ፣ ሰው ሳይሞት የሚቆጠር ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ኬ-2 የተወለደው ከሌላ ኬሚካል ነው፤ የሚያርፈውም ግሉታሜት ከሚያርፍበት ከዋናው መቀመጫ ሳይሆን ከጎኑ ነው። ስለዚህ ሃሎፔሪዶል ምልክቱን ከዶፓሚን ወንበር እንደሚገፋው፣ የጓያው መርዝ ኬ-2ን ሲገፋ አይታይም። ካሜራው «መርዙ አሁን ተቀምጧል» አይልም፤ «ስንት ወንበር ተርፏል» ነው የሚለው። ለተሰበረ ሰው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። መርዙ ከሰውነቱ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እግር የሚያንቀሳቅሰው የአእምሮ ክፍል ውስጥ የአምፓ ወንበሮች ቀንሰዋል ወይስ በዝተዋል? የተሰበረውና ያልተሰበረው ወንድሙ ይለያያሉ? ሐኪም ግትርነቱን ለማላላት መድኃኒት ሲሞክር የሚነካው ነገር ቀርቷል? እነዚህ በጥናት ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው፤ መልሱም ያለው ጓያ በሰበራቸው ሰዎች ዘንድ ነው።

የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ኬ-2 የታሰረበት ካርቦን ግማሽ ዕድሜው 20 ደቂቃ ነው። በየ20 ደቂቃው ግማሹ ይሞታል፤ ከሚሠራበት ሳይክሎትሮን ከሚባል ማሽን ወጥቶ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሰው ደም ሥር መግባት አለበት። በአንጻሩ በአገራችን የኒውክሌር ሕክምና የተለመደው ቴክኒሺየም 6 ሰዓት ይቆያል፤ እሱን የሚወልደው ሞሊብዲነም ደግሞ 66 ሰዓት። ለዚህ ነው በአውሮፕላን መጥቶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአንገት እጢና የአጥንት ምስል ሊነሳበት የሚችለው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 ነው፤ የአቶም ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን 20 ደቂቃ በቻይና መንገድ ላይ ከነፋስ መውጫ ብዙም አያርቅም።

ስለዚህ ካሜራው ጋይንት ይምጣ ማለት ቀልድ ነው። ሰው ግን ወደ ካሜራው ሊሄድ ይችላል። አሥራ አምስት ሃያ ሰው ከፈቃዱ ጋር፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ አስተርጓሚ ይዞ ካሜራው ወዳለበት አገር መውሰድ ለአንድ ትልቅ የምርምር በጀት ከባድ አይደለም። ኬ-2 ለድባቴና ለስኪዞፍሬንያ ጥናት ውሏል፤ እነዚህ በሀብታምም በድሃም አገር ያሉ ሕመሞች ናቸው። ጓያ የሚሰብረው ድሃን ብቻ ነው። ከአምፓ ወንበር ጋር እንደ ጓያ ግልጽ የሆነ ዝምድና ያለው የሰው በሽታ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ወረፋው ውስጥ ከኋላ መቆሙ የሳይንስ ምክንያት የለውም።

በሌላ በኩል ካሜራ ሳይጠበቅ የሚሠራ አለ። ዋሴ የተባለው መርዙ ያነሰ የጓያ ዝርያ በ2006 ለገበሬ ተለቋል። ዘሩ ከሌላው ጓያ ጋር ሲቀላቀል ንጽሕናውን ያጣል፣ ስለዚህ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ዘር ብዜት ላይ ደግሞ ጓያ የማንም የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ አያውቅም። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚፈሰው ትኩረት ሲሶውን እንኳ አላገኘም። የእርዳታ እህል በወቅቱ መድረሱም ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል፤ በጠኔ ወራት ከገበታው ቢያንስ ሲሶው ስንዴ ወይም በቆሎ ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። በነሐሴ መድረስ የነበረበት ስንዴ በጥቅምት ሲደርስ፣ የዘገየው ሁለት ወር በአንድ ልጅ እግር ላይ ተመዝግቦ ይቀራል።

በዳውንትና በደላንታ ወረርሽኝ ጊዜ 15 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ከ40 አልፏል። እርሻው በሌላ ሰው በሬ ይታረሳል። ገበያ የሚወርደው በዱላ ነው። የማሳውን ጫፍ ሲሻገር ከፊት ለፊቱ፣ ከሸለቆው ማዶ፣ የጋይንት ደጋ ይታየዋል፤ እዚያም መስከረም ሲጠባ መረሬው ላይ ጓያ ይዘራል።